«ዝም ብለሽ ገምቺ» አትበሉኝ፦ ስለ ከባድ ሱዶኩ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እሁድ ከሰዓት ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ከአንድ ኪለር ሱዶኩ ጋር እየታገልኩ ነበር። ሱዶኩ 9 በ9 በሆነ ሰሌዳ ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድ እና 3 በ3 ሳጥን ውስጥ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገቡበት ጨዋታ ነው፤ ኪለር ደግሞ የድምር ሕግ የተጨመረበት ዓይነቱ ነው። የአክስቴ ልጅ በትከሻዬ በኩል አየት አደረገና «ሁለት ምርጫ ነው ያለሽ፤ አንዱን ዝም ብለሽ ሙዪ፣ ካልሆነ በላጲስ ታጠፊዋለሽ» አለኝ። ይህን ምክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ከሱ ጋር አብረው የሚነሱ ሌሎች ስህተቶችም አሉ።

«ከባዱ ሱዶኩ ያለ ግምት አይፈታም»

ዋናው ይሄ ነው። በደንብ የተሠራ ሱዶኩ አንድ መልስ ብቻ አለው፤ ጎበዝ አዘጋጅ ደግሞ ወደዚያ መልስ በምክንያት ብቻ የሚያደርስ መንገድ መኖሩን ሳያይ አይለቀውም። መንገዱ አልታየንም ማለት የለም ማለት አይደለም።

የእሁዱን ልንገራችሁ። ኪለር ላይ ቤቶቹ በነጠብጣብ መስመር በቡድን በቡድን ይከበባሉ። ጥግ ላይ ያለው ቁጥር የቡድኑ ድምር ነው፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ቁጥር አይደገምም። ከላይ በግራ ያለው ሳጥን በሦስት ቡድኖች ተሸፍኗል፦ 17፣ 20 እና 14። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ናቸው። አራት ቤት ያለው 14 ግን አንዷን ቤቱን ወደ ጎረቤት ሳጥን አውጥቷታል። እዚህ ጋ ነው አፍጥጬ የቀረሁት።

ከ1 እስከ 9 ያሉት ሲደመሩ 45 ናቸው። የሦስቱ ቡድኖች ድምር 51 ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ የወጣችው ቤት 6 ናት፣ አለቀ። ከዚያ የ14ቱ ቀሪ ሦስት ቤቶች ድምራቸው 8 ይሆናል፤ ይህ የሚሆነው በ1፣ 2፣ 5 ወይም በ1፣ 3፣ 4 ብቻ ነው፣ በሁለቱም ውስጥ ደግሞ 1 አለ፣ ስለዚህ የሳጥኑ 1 ከእነዚህ ሦስት ቤቶች ንቅንቅ አይልም። አንድም ነገር አልገመትኩም። የአክስቴ ልጅ «እስቲ ድገሚው» አለኝ።

«የተሰጠው ቁጥር ካነሰ መገመት ግድ ነው»

በተራው ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ እንዲሆን ቢያንስ 17 ቁጥር መሰጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ጋሪ ማክጓየር የሚመራው የደብሊን ቡድን ይህን በኮምፒውተር ፍለጋ አረጋግጧል። ተጨማሪ ሕግ ሲመጣ ግን ሕጉ ራሱ ፍንጭ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚቸል ሊ ያዘጋጀው ሱዶኩ ላይ የተሰጡት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ፣ 1 እና 2። እዚያ ላይ በቼዝ የፈረስ ወይም የንጉሥ እርምጃ በሚደረስባቸው ቤቶች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አይቀመጥም፤ ተከታታይ ቁጥሮችም ጎን ለጎን አይሆኑም። ሱዶኩ ሲፈታ በዩቲዩብ የሚያሳየው ሳይመን አንቶኒ መጀመሪያ የሚቻል ባይመስለውም በቪዲዮ እየተቀረጸ በምክንያት ፈታው። ባዶ ሰሌዳ አያስደንግጣችሁ፤ መጀመሪያ ሕጉን አንብቡ።

«‹ይህ ቢሆንስ?› ማለትም ግምት ነው»

አይደለም። ጀርመን ዊስፐርስ የሚባለውን የሱዶኩ ዓይነት ውሰዱ። አረንጓዴ መስመር ላይ የሚጎራበቱ ሁለት ቁጥሮች ልዩነታቸው ቢያንስ 5 መሆን አለበት። ስለዚህ 5 ራሱ መስመሩ ላይ ቦታ የለውም፤ ከሱ በአምስት የሚርቅ ቁጥር ከ1 እስከ 9 ውስጥ የለማ! አሁን መስመሩ መሀል ላይ ያለች ቤት 4 ብትሆንስ? የ4 ጎረቤት መሆን የሚችለው 9 ብቻ ነው። ሁለቱም ጎረቤቶቿ አንድ ሳጥን ውስጥ ከሆኑ ሁለት 9 ሊመጣ ነው፣ አይቻልም። ስለዚህ 4 ወጣ። ይህ ማስረጃ ነው። ግምት የሚሆነው 4 ጽፋችሁ፣ ለምን እንደጻፋችሁ ሳታውቁ፣ ሃያ ቤት ሞልታችሁ የሚሆነውን ስትጠብቁ ነው።

«ሒሳብ ለሚችል ሰው ነው»

ተራው ሱዶኩ ላይ በቁጥሮቹ ፋንታ ዘጠኝ ፊደል ብትተኩ ጨዋታው አይቀየርም። ኪለርም ቢሆን መደመርና መቀነስ እንጂ ሌላ አይፈልግም፤ ሱቅ ሄዶ መልሱን የሚቆጥር ሰው ይችለዋል።

«ገምቼ ከወጣልኝ ምን ችግር አለው?»

ሊወጣላችሁ ይችላል። ነገር ግን የተዋችሁት ሌላኛው ምርጫ ሌላ መልስ እንደማይሰጥ በምን አወቃችሁ? ከዚህ የሚከፋው ሳይወጣ ሲቀር ነው። ስህተቱ የተሳሳታችሁበት ቤት ላይ አይታይም፤ ከሠላሳ ቤት በኋላ አንድ ዓምድ ላይ ሁለት 7 ይመጣሉ፣ የትኛው በምክንያት እንደተጻፈና የትኛው በነሲብ እንደሆነ አታስታውሱም፣ ወረቀቱም በላጲስ ብዛት ይሳሳል። የግድ መሞከር ካለባችሁ ቁጥሩን በትንሹ ጥግ ላይ ጻፉትና እንደ ጥያቄ ያዙት።

እኔ ስጣበቅ እርሳሱን አስቀምጬ ሕጎቹን ከላይ እስከ ታች ድጋሚ አነባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምቆመው ቀላል የመሰለኝን አንዱን ሕግ ረስቼ ነው።