ሥር ከሰደደ የፊኛ ሕመም ጋር፣ ጣና ዳር

ሥር የሰደደ የፊኛ ሕመም የሚባለው ኢንፌክሽን ሳይገኝበት ከ6 ሳምንት በላይ የሚቆይ ሕመም ነው። ፊኛ ሲሞላ ይብሳል፣ ሲሸኑ ቀለል ይላል። ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ወንዶችንም ይይዛል፤ በብዛት የሚታየው ግን በሴቶች ላይ ነው።

ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያው ግምት «ብርድ መትቶሽ ነው» የሚለው ነው። ሐይቁ ቅርብ ነውና በውሃ ውስጥ የሚይዘው የትል በሽታ፣ ቢልሃርዝያም ይጠረጠራል። ጣና ዳር የሚታወቀው ቢልሃርዝያ ግን አንጀትንና ጉበትን እንጂ ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት አይደለም። ከዚያ አንቲባዮቲክ፣ ከዚያ ሌላ አንቲባዮቲክ ይከተላል። በመጨረሻ ታማሚዋ «ሽንትሽ ንጹሕ ነው» ትባላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ውጤቱን ይዛ ስትወጣ ማን እንደሚያምናት ግራ ይገባታል። ቤት ስትገባ ደግሞ «ሐሳብ አብዝተሽ ነው» ይጠብቃታል።

ይህች ቃል ትጎዳለች፤ ልክም አይደለችም። ጭንቀት ሕመሙን ያባብሳል እንጂ ሕመሙ የፈጠራ አይደለም። ሲጨነቁ የዳሌ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ሕመም የለመደው ነርቭ ትንሽ ሽንትንም አግንኖ ያሰማል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሕመም መቻል ያቅተዋል። ድባቴ የሚገባው በዚህ መሀል ነው። ግንኙነት ሲያማት ለባሏ አፍ አውጥታ መናገር ያሳፍራታል። እሱም የጠላችው ይመስለዋል።

የዘጌን ጉዞ አስቡት። ትንንሾቹ ጀልባዎች መጸዳጃ የላቸውም። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምራ ውሃ ታቆማለች። በነጋታው የወፈረው ሽንት ፊኛዋን ያቃጥለዋል። ሌሎቹ ገዳማቱን ሲያዩ እሷ ዓይኗ ጥግ ፍለጋ ይንከራተታል። በሚቀጥለው ጊዜ «አልመችም» ብላ ትቀራለች። ቡናም እንዲሁ ነው። የብዙ ታማሚዎችን ሕመም ያባብሳል፤ አቦልን ቀምሳ ቶናና በረካን ሳትጠብቅ የምትነሳ ሴት ግን «ኮራች» ትባላለች።

ሕክምናው አንድ መድኃኒት ብቻ አይደለም። የዳሌ ጡንቻ ፊዚዮቴራፒ፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የሚያባብስ ምግብን መለየት አብረው ይሄዳሉ። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን የሚታዘዝላቸውም አሉ። የድባቴ መድኃኒት መሆኑን ሲሰሙ «አበድሽ ሊሉኝ ነው» ብለው የሚያቋርጡት ብዙ ናቸው። የሚታዘዘው ለነርቭ ሕመሙም እንደሆነ ሐኪሙ ቀድሞ ቢነግራቸው ምናለ!

ለጎረቤቶቿ የተናገረች ሴት ቡና ላይ በር አጠገብ ቦታ ይለቀቅላታል። በሲኒዋ ለብ ያለ ውሃ ይቀዳላታል። ተነስታ ስትወጣም ወሬው አይቋረጥም።