«የሚሠራ» ካሜራ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ጥንታዊ ካሜራ «በሚገባ የሚሠራ» ተብሎ ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ፤ ማስረጃው ማንሻው ሲጫኑት «ቀጭ» ማለቱ ብቻ ነበር። ድምፁ የሚያረጋግጠው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሸተሩ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈውና የሚያግደው ክፍል፣ ተንቀሳቅሷል። ምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንደቆየ፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እንደሆነና ሲዘጋ ብርሃንን በእርግጥ ማገዱን አይነግረንም፤ ፎቶግራፉን የሚወስኑት ደግሞ እነዚህ ናቸው።

ቀጭ ቀጭ የሚል የግድግዳ ሰዓት ሁሉ ሰዓቱን በትክክል ይቆጥራል የሚል ሰው የለም። ንጽጽሩ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ሙኒክ ውስጥ መሠራት የጀመረው ኮምፑር የተባለው ሸተር ዝግተኛ ፍጥነቶቹን (ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ የሚቆይባቸውን) የሚቆጥረው እንደ ሰዓት ባሉ ጥቃቅን ጥርሳማ መዘውሮች ነው። በመዘውሮቹ ላይ ያለው ዘይት በዓመታት ብዛት ሲወፍር አንድ ሴኮንድ ተብሎ የተጻፈው ሦስት ሴኮንድ ይሆናል፤ አንዳንዴም የሸተሩ ቅጠሎች፣ ብርሃኑን የሚዘጉት ስስ ብረቶች፣ እንደተከፈቱ ይቀራሉ። ሻጩ ግን የሚያሳየን ፈጣኖቹን ፍጥነቶች ነው፤ እነሱ ጥርሳማውን መዘውር ብዙም ስለማይጠብቁ በጥሩ ድምፅ «ቀጭ» ይላሉ። (ከኮምፑር በፊት የነበረው ኮምፓውንድ ዝግታውን የሚቆጣጠረው በአየር ሲሊንደር ስለሆነ ይህ የመዘውር ነገር እሱን አይመለከትም። ሁለቱም ውስጥ ግን ዘይት መርጨት ጥፋት ነው፤ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ።) ንጽጽሩን ትንሽ ልለጥጠው ከተፈቀደልኝ፣ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ከሌላ ሰዓት ጋር ተያይቶ ይስተካከላል፤ የካሜራ ስሕተት ግን የሚታወቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ፣ ያ ቅጽበት ላይመለስ ካለፈ ወዲያ ነው።

ሸተራቸው ከፊልሙ ፊት ለፊት የሚሮጥ የጨርቅ መጋረጃ የሆነ ካሜራዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ሁለት መጋረጃዎች ተከታትለው ይሮጣሉ፤ የመጀመሪያው ከደከመ ሁለተኛው መንገድ ላይ ይደርስበትና በከፍተኛ ፍጥነት የተነሳው ፎቶ አንዱ ዳር ጨለማ ይሆናል። ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዞሮ የቆየ እንደሆነም መጋረጃው በመርፌ የተወጋ ያህል ተቃጥሎ ይበሳል። ሁለቱም ጉድለቶች ድምፁን አይለውጡትም። ሌንሱን ፈትቶ፣ ፊልም በሌለበት የጀርባውን ክዳን ከፍቶ፣ መጋረጃውን በደማቅ መብራት ትይዩ ማየት ብቻ ያጋልጣቸዋል። በዚህ አጋጣሚ፣ እንደ ዞርኪ 4 ባሉ የሶቪየት ካሜራዎች ላይ ሸተሩ ሳይወጠር (ለማንሳት ሳይዘጋጅ) የፍጥነት መምረጫውን ማዞር ውስጡን ሊሰብር ይችላል፤ አንድ ሻጭ «እዩ፣ ሁሉም ይሠራል» እያለ ሳይወጥር ከዳር እስከ ዳር ሲያዞረው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። ሌንስ ውስጥ የእጅ ባትሪ ሲያበሩ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ሻጋታ ነው። ታጣፊ ካሜራ ከሆነ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪው በወናፉ፣ ማለትም ሌንሱን ከካሜራው ጋር በሚያገናኘው ተጣጣፊ ክፍል፣ ውስጥ ሲበራ የተበሱት ማዕዘኖች እንደ ከዋክብት ይታያሉ። የብርሃን መለኪያው መርፌ መንቀሳቀሱም ልኩ ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ በተለይ መለኪያው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ተሠርቶ ዛሬ 1.5 ቮልት ባትሪ ከገባለት ንባቡ ሊዛባ ይችላል።

«የሰማንያ ዓመት ዕቃ ገዝቶ ማን ፎቶ ያነሳበታል? የመደርደሪያ ጌጥ ነው» ሲሉ የተከራከሩኝ ሰው አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የላይካ ካሜራ ፈልሳፊ የኦስካር ባርናክ የግል ካሜራ የነበረው ላይካ ቁጥር 105 በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ሲያወጣ ተጫራቾቹ የከፈሉት ለሸተሩ ድምፅ አልነበረም። እንዲህ ላለው ዕቃ ጥገናው ራሱ፣ በተለይ ቆዳው ከተለወጠ ወይም ብረቱ ከተወለወለ፣ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ጌጥ ከሆነ «ጌጥ» ተብሎ ይጻፋ! «የሚሠራ» የሚለው ቃል ዋጋ የሚጨምረው ገዢው ፊልም ሊያስገባበት ስለሚያስብ ነው፤ ጭማሪውን ተቀብሎ ቃሉን «ለአነጋገር ያህል ነው» ማለት አይቻልም።

እኔ ብሸጠው የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ከ1/25 ሴኮንድ የሚፈጥኑት ፍጥነቶች በጆሮ ሲገመቱ ደህና ናቸው፤ አንድ ሴኮንዱ ይጣበቃል፤ ወናፉ በእጅ ባትሪ ታይቶ ብርሃን አላሳለፈም፤ በሌንሱ ጠርዝ ላይ ጥቂት ሻጋታ አለ፤ ፊልም አልተሞከረበትም።» ይህን ጽፌ ሸጬ አውቃለሁ፤ ገዢው ስለ አንድ ሴኮንዱ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስሁለት፣ ወሰደው።