የኢኮኖሚ ድቀት ምንድን ነው? ገጠር ሲደርስስ?

የኢኮኖሚ ድቀት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከተማ ነው፤ የተዘጋ ፋብሪካ፣ የቆመ ግንባታ። በተለምዶ የአንድ አገር ምርት ለሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመታት ሲቀንስ ድቀት ገባ ይባላል። ገጠር ግን ይህን መለኪያ አይጠብቅም። አገሪቱ በወረቀት ላይ እያደገች አንድ ወረዳ ድቀት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኑሮው በአንድ ሰብል ላይ ከቆመማ የዚያ ሰብል ዋጋ መውደቅ ብቻ ይበቃዋል።

ቡናን እንውሰድ። አምራች አገሮች በኮታ፣ ማለትም በተመደበላቸው መጠን ብቻ፣ የሚሸጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ። በ1994 ብራዚልን ውርጭ ሲመታት ዋጋው ጣራ ነካ፤ ያየ ሁሉ ተከለ። ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ በዋጋው ጎምጅቶ የተከለ ሰው የሚሸጠው ሌላውም ሁሉ ሲሸጥ ነው። ቬትናምም ተስፋፍታ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ አምራች ሆነች። በ2001 የአንድ ፓውንድ ቡና አማካይ የዓለም ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ።

ይህ እንዴት መንደር ይደርሳል? በዱቤ ደብተር በኩል። ሲዳማ ያለ ገበሬ እሸት ቡናውን በብዛት የሚሸጠው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱን ዘይቱንም፣ ሳሙናውንም፣ የልጁን ደብተርም ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል። «ቡና ሲደርስ እከፍላለሁ» ነው ነገሩ። ቡናው ደረሰ፤ ዋጋ ግን የለም። ባለሱቁ ዱቤውን ካልሰበሰበ የጅምላ ነጋዴውን ዕዳ በምን ይከፍላል? ነጋዴው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ገንዘቡን በእጅህ ካልያዝክ አልሰጥም ይለዋል። መደርደሪያው ይሳሳል። ቀድሞ የሚከስረው ደግሞ እምቢ ማለት የማይችለው ደጉ ባለሱቅ ነው።

ሌላው ይከተላል። ለቃሚ የሚቀጥር ይጠፋል። ቤቱን ቆርቆሮ ሊያለብስ ያሰበው ለከርሞ ያስተላልፈዋል፤ አናጺው ሥራ ይፈታል። ዕቁብ ይፈርሳል። ዕድር እንኳ ይቆያል፤ ሞት ዋጋ አያይም። ትልቅ ከተማ ውስጥ አንዱ ዘርፍ ሲቀዘቅዝ ሌላው ይደግፈዋል። እዚህ ግን ፀጉር ቆራጩም ሻይ ቤቱም የሚያድሩት በዚያው በቡናው ነው።

ገበሬው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሐረርጌ ላይ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ብዙ ነው። ጫት በዓመት ከአንዴ በላይ ይቆረጣል፤ ገንዘቡም ቶሎ ቶሎ ይገባል። የጫቱን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወውና፣ በሒሳቡ ገበሬው አይፈረድበትም። ችግሩ የቡና ዋጋ ሲያገግም ነው፤ የተነቀለ ቡና በአንድ ክረምት አይተካም።

ሌሎች ደግሞ ተደራጁ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1999፣ የሲዳማው በ2001 ተቋቋሙ። ዩኒየን የዓለምን ዋጋ አያስነሳም። በቀጥታ ወደ ውጭ ስለሚሸጥ ግን በመሀል ገብቶ ይቀር ከነበረው ገንዘብ የተወሰነው ወደ ገበሬው ይመለሳል፤ እሱም መጀመሪያ የሚከፍለው የሱቁን ዱቤ ነው።