ሲፎን ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰው ስሙን ባያውቀው እንኳ ሲፎንን ሳይጠቀም አይቀርም። በርሜሉ ሞልቷል፤ ማዘንበል አይቻልም። የጎማውን አንድ ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ይነክራሉ፣ ሌላውን መሬት ላይ ወዳለው ጀሪካን ያወርዳሉ። ጎማው አንዴ ውሃ ከሞላ፣ ውሃው የበርሜሉን አፍ ተሻግሮ ራሱ ይወርዳል። ፓምፕ የለም፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ሲፎን ይኸው ነው።

መሟላት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። መውጫው በርሜሉ ውስጥ ካለው ውሃ ዝቅ ማለት አለበት፤ ጎማው ውስጥም አየር መኖር የለበትም። ውሃውን የሚነዳው የራሱ ክብደት ነው። በአግዳሚ ላይ እንደተጣለ ገመድ፣ ረዘም ብሎ የተንጠለጠለው ወገን አጭሩን ይስበዋል። ጎማው ከፍ ብሎ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ውሃው እንዳይበጠስ የሚያግዘው ደግሞ በርሜሉን ከላይ የሚጫነው አየር ነው።

ታዲያ አየሩ ሲሳሳ ሲፎኑም ይደክማል። በባሕር ጠረፍ ሲፎን ውሃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ከፍ አድርጎ ሊያሻግር ይችላል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ግን ጣሪያው 7 ሜትር አካባቢ ነው። ጣርማ በርን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከ8 ሜትር በላይ ይሆናል። እነዚህም በወረቀት ላይ ናቸው፤ በሥራ ላይ ያንሳሉ። ለበርሜልና ለጀሪካን ግን ተርፎ ይተርፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ናፍጣና ቤንዚን በአፍ መሳብ ይቅር። ትንሽ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ለውሃም ቢሆን ጎማውን እንዳለ ነክሮ መሙላት፣ አንዱን ጫፍ በአውራ ጣት ደፍኖ ማውጣት፣ ዝቅ አድርጎ መልቀቅ ይቻላል።

ቧንቧ ሠራተኛ «ሲፎኑ ተደፍኗል» ሲል ግን የሚያወራው ከእጅ መታጠቢያው ሥር ስላለው ጠምዛዛ ቱቦ ነው። የዚህ ሥራ ውሃ ማሻገር አይደለም። እጥፋቱ ላይ ትንሽ ውሃ ይዞ የፍሳሹን ሽታ ያግዳል። የሚገርመው፣ ጠላቱ ያ የበርሜሉ ዓይነት ሲፎን ነው። የሞላ መታጠቢያ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ውሃ ይሞላና፣ የሚወርደው ውሃ እጥፋቱ ላይ መቅረት የነበረበትን ጭምር ይዞት ይሄዳል። ጉርርር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ቤቱ ይሸታል። መድኃኒቱ ወደ ጣሪያ የሚወጣ የአየር ቱቦ ነው። አየር ሲገባ ሳቡ ይቆማል። ቤት ሲሠራ ለቁጠባ ተብሎ መዝለሉ የማያዋጣ ቁጠባ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ መታጠቢያ ቢሸት ግን ውሃው ደርቆ ይሆናል፤ አንድ ጆግ ማፍሰስ ይበቃል።

ፈረቃ ባለበት ሰፈር ሌላም ጣጣ አለ። ቧንቧው ተከፍቶ የጎማው ጫፍ በርሜል ውስጥ እንደተነከረ ውሃ ሲሄድ፣ የመስመሩ ግፊት ይወድቃል። ያኔ የበርሜሉ ውሃ ወደ ኋላ ተስቦ መስመሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ቆሻሻ ከሆነ ለጎረቤት ይተርፋል። ጎማውን ከውሃው በላይ አንጠልጥሎ መቅዳት ነው።

ተፈጥሮም የራሷ ሲፎን አላት። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ውሃ ዋሻ ይፈለፍላል። የዋሻው መውጫ ወደ ላይ ታጥፎ የሚወርድ ከሆነ፣ ውሃው እጥፋቱን እስኪያልፍ ድረስ ይጠራቀማል። ካለፈ በኋላ ሲፎኑ ይነሣና ዋሻውን ይመጠዋል፤ ምንጩ ይጎርፋል። ውሃው ከሲፎኑ መግቢያ በታች ሲወርድ አየር ይገባል፤ ምንጩም ይቋረጣል። ከዚያ እንደገና መጠራቀም። ሰሎሞን ንጉሥ ሆኖ የተቀባበት የኢየሩሳሌሙ ግዮን ምንጭ እንዲህ እየጎረፈ እየቆመ ይፈስ ነበር፤ ምክንያቱም በዚሁ መንገድ ይገለጻል። በኛም አገር የጀማ ሸለቆ ግርጌ የኖራ ድንጋይ ነው። እዚያ አካባቢ አንዴ የሚፈስ አንዴ የሚቆም ምንጭ ያየ ሰው ካለ፣ በሰዓት ይዞ ቢመዘግበው ደስ ይለኛል።