ሕዝቅያስና የበለሱ ጥፍጥፍ

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን፣ ወገኖቼ።

ድሬዳዋ የሚኖሩት አጎቴ ዓመት ሙሉ ውኃ ሲጠማቸው ከረመ። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። «የድሬ ሙቀት ነው» ይሉ ነበር፤ እኛም አመንን። እዚህ ከተማ የማይጠማው ማን አለ?

ታኅሣሥ 19 ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ስለታቸውን ሊያደርሱ የደንገጎን ዳገት በባዶ እግራቸው ወጥተው ቁልቢ ገብርኤል ደረሱ። ሲመለሱ ጣታቸው ሥር ቁስል አየን። እሳቸው ጭራሽ አልተሰማቸውም። የስኳር በሽታ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ የሕመም ስሜቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ሰው እሾህ ቢረግጥም አይሰማውም። ሐኪም ዘንድ የሄዱት ለቁስሉ ነበር። የተገኘው ግን ስኳር ነው።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ግምት በዓለም 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ስኳር ነበረባቸው፤ ከዐሥር አንድ ማለት ነው። በአገራችን ደግሞ ወደ 1.9 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው፤ በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም። ከእኛው ጋር ቆመው የሚያስቀድሱ፣ እንደ አጎቴ «ሙቀት ነው» የሚሉ ሰዎች ናቸው።

«መመርመር እምነት ማነስ ነው» ሲባል ስሰማ ልቤ ያዝናል። ፀበል ገብቻለሁ ብሎ ኢንሱሊኑን የሚተውም አለ። እባካችሁ ንጉሡን ሕዝቅያስን አስቡት። ታሞ ለሞት ደረሰ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፤ ጸሎቱም ተሰማ። በሦስተኛው ቀን ወደ እግዚአብሔር ቤት እንደሚወጣ፣ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ተነገረው። ከዚያ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ፣ በቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ተስፋው ከአምላክ አፍ ከወጣ በኋላ እኮ ነው መድኃኒቱ የመጣው! ሕዝቅያስም «ጸሎቴ ተሰምቷል፣ በለሱ ምን ያደርግልኛል» አላለም። በለሱን የሰጠው ያው ጸሎቱን የሰማው አምላክ ነውና።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ስኳር ያለበት ሰው ከዚያ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። መርፌውን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ራሱን ሳይስት ቶሎ ጣፋጭ ነገር መቅመስ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከአቅሙ በላይ ጹም ብላ አታስገድድም። ሐኪም የከለከለውን ጾም «ለእግዚአብሔር ብዬ ነው» ብሎ መጾም መንፈሳዊ ጀግንነት አይመስለኝም።

የማያውቅ ደግሞ ይለካ። ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ናት። የደም ስኳሩ በባዶ ሆድ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ደግሞ ያረጋግጣል። በተለይ ቤተሰቡ ውስጥ ስኳር ያለበት፣ ውፍረት ያለው፣ ጥሙ አልቆርጥ ያለው፣ ሙቀቱን መውቀስ ይተውና ይመርመር።

አጎቴ ዘንድሮም ስለታቸውን አላስቀሩም። ደንገጎን የሚወጡት ግን በመኪና ነው። ማታ ማታ ልጃቸው እግራቸውን በፋኖስ እያየች ትመረምራለች። መድኃኒታቸውን ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር በአንድ ቦርሳ ይይዛሉ፤ ከረሜላዋም ከኪሳቸው አትለይም።