በታመቀ ፋይል ላይ አፔንድ ማድረግ ምንድን ነው?

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው «>>» የምትለዋን ምልክት በደንብ ያውቃታል። ፕሮግራሙ የሚያወጣውን ጽሑፍ፣ የነበረውን ሳትነካ፣ ከፋይሉ መጨረሻ ትቀጥላለች፤ አፔንድ ማድረግ የሚባለውም ይኸው ነው። ሎግ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል፣ የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው። ዲስኩ ሲጣበብ ሎጉን ዚፕ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ የዛሬውን ውጤት ዚፑን ሳልፈታ እዚያው ሎግ ላይ መቀጠል እችላለሁ?

ዚፕ ከሆነ አይሆንም። በዚፕ ውስጥ ፋይሎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ታምቀው ተደርድረዋል፤ አንዱ ያበቃበት ላይ ቀጣዩ ይጀምራል። መሀል ያለውን ለማስረዘም ቦታ የለም። ቦታ ቢገኝ እንኳ የታመቀው ዳታ «አለቀ» የሚል ምልክት ተደርጎበት ተዘግቷል፤ መጠኑና ሲአርሲ የሚባለው ማረጋገጫ ቁጥሩም ተመዝግቧል። አዲስ ፋይል መጨመር ግን ይቻላል፤ ማውጫው መጨረሻ ላይ ስለሆነ እሱን እንደገና መጻፍ ይበቃል። የድሮውን ሎግ ለማስቀጠል ያለው መንገድ አውጥቶ፣ ጨምሮ፣ መልሶ ማመቅ ነው።

ብዙ ፋይሎችን በአንድ የሚያሰባስበው ታርም ብዙ አይሻልም። ባልታመቀ ታር ላይ ፋይል መጨመር ይቻላል፤ ግን ተመሳሳይ ስም ያለው ከሆነ፣ ሲፈታ ኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል እንጂ አይቀጥለውም። የታመቀ ታር ላይ ደግሞ ጭራሽ አልጨምርም ይላል።

ደስ የሚለው ጂዚፕ የተባለው ማመቂያ ነው። ቅርጸቱን በሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው አርኤፍሲ 1952 በተባለው ሰነድ መሠረት አንድ የጂዚፕ ፋይል ብዙ ክፍሎች ተከታትለው ሊይዝ ይችላል፤ ሲፈታ ሁሉም እንደ አንድ ጽሑፍ ይወጣሉ። ስለዚህ የፕሮግራሙን ውጤት በ«|» ለጂዚፕ ሰጥቶ፣ ከጂዚፕ የሚወጣውን በ«>>» በድሮው የታመቀ ሎግ ላይ መቀጠል ፍጹም ትክክል ነው። የታመቀውን ፈትቶ በሚያሳየው ዜድካት በተባለው ትእዛዝ ሲከፈት መጋጠሚያው አይታይም።

ነገር ግን በየመስመሩ እንዲህ ማድረግ ኪሳራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 10 ባይት ራስጌና 8 ባይት ግርጌ አለው። «እሺ» ብለን ከአዲስ መስመር ምልክቱ ጋር ብናስገባ፣ 7 ባይት የነበረው 27 ባይት ሆኖ ይወጣል። ከዚህም በላይ አዲሱ ክፍል የቀደመውን አያስታውስም፤ ጂዚፕ የሚያምቀው እስከ 32 ኪሎባይት ወደኋላ እያየ የተደጋገመውን በማሳጠር ስለሆነ፣ ከባዶ በጀመረ ቁጥር ትርፉ ይቀንሳል። እኔ የምመርጠው የቀኑን ሎግ ሳይታመቅ ትቶ ማታ በአንድ ጊዜ መቀጠል ነው። በቀን ውስጥ ግሬፕ ለማድረግም (ሎጉ ውስጥ ቃል ለመፈለግም) ይመቻል።

አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ፦ ጂዚፕ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ የመጨረሻው ክፍል ተቆርጦ ይቀራል። ያንን ሳያዩ በላዩ ላይ መቀጠል አደገኛ ነው፤ ፈቺው የተቆረጠው ጋ ሲደርስ ስሕተት ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ የተጨመረው ደህና ቢሆንም በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ከመቀጠል በፊት በጂዚፕ የፍተሻ ትእዛዝ ፋይሉን ማየት ይሻላል።