ጥንድ ዓይነት ምንድን ነው? ጋይራዶስ ለምን በአንድ መብረቅ ይዘረራል?

የአክስቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ስልኩ ላይ ፖኬሞን (ፍጥረቶችን እያሳደጉ የሚያዋጉበት ጨዋታ) ጀምሮ ሁለት ቀን ሙሉ ማጂካርፕ የምትባል ቀይ ዓሣ ሲያሳድግ ከረመ። ማጂካርፕን ለማታውቁ፣ ሥራዋ መንፈራገጥ ነው። ትንፈራገጣለች፣ ምንም አይፈጠርም። ደረጃ 20 ስትደርስ ግን ጋይራዶስ ወደሚባል፣ አፉን ከፍቶ ወደሚያገሳ ግዙፍ ሰማያዊ አውሬ ትቀየራለች። ልጁ እንቅልፍ ያጣው ያንን ለማየት ነው። አየም። «አሁን ማን ይችለኛል!» አለ። ከዚያ አንዲት ፒካቹ መጣች፣ አንድ መብረቅ ለቀቀችበት፣ ጋይራዶስ ተዘረረ።

«ይሄ ጌም ያጭበረብራል» ብሎ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው።

ጌሙ አላጭበረበረም። ልጁን ጉድ የሠራው የጋይራዶስ ጥንድ ዓይነት ነው። ተጫዋቾች «ታይፕ» የሚሉት ነገር ማለት ነው፤ እኔ እዚህ «ዓይነት» እያልኩ እቀጥላለሁ።

መነሻው ቀላል ነው። እያንዳንዱ የፖኬሞን ፍጥረት ዓይነት አለው፤ እሳት፣ ውሃ፣ ሣር፣ መብረቅ፣ አለት፣ መንፈስ እያለ ይቀጥላል። የሚሰነዘረው ምትም እንደዚሁ ዓይነት አለው። ነገሩ «ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ» ከሚባለው ጨዋታ ብዙም አይርቅም። ውሃ እሳትን ያጠፋል፣ እሳት ሣርን ይበላል፣ ሣር ውሃን ይመጥጣል። ምቱ ድክመት ካገኘ ጉዳቱ በ2 ይባዛል። የሚቋቋመው ላይ ካረፈ በግማሽ ይቀንሳል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ዜሮ ነው። የመሬት ምት በራሪን አይነካም፤ እግሩ መሬት ላይ የለማ።

የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች በፈረንጆቹ 1996 ጃፓን ውስጥ ሲወጡ 15 ዓይነቶች ነበሩ። በ1999 ብረትና ጨለማ ተጨመሩ። በ2013 ፌይሪ የሚባል ዓይነት መጣና 18 ሞላ። አንድ ፍጥረት አንድ ዓይነት ብቻ ሊይዝ ይችላል፣ ሁለትም ሊይዝ ይችላል። ስሌቱን ብትሠሩት 18 ነጠላና 153 ጥንድ፣ ባጠቃላይ 171 አማራጭ ይወጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ሁለት ዓይነት አንድ አካል ላይ ሲገናኙ አይደመሩም፣ ይባዛሉ።

ጋይራዶስን እንየው። መልኩ ድራጎን ይመስላል እንጂ ድራጎን አይደለም (ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል)። ዓይነቱ ውሃና በራሪ ነው። መብረቅ ውሃን በ2 ይመታል። በራሪንም በ2 ይመታል። 2 ጊዜ 2፣ 4። ሌላው ላይ 40 ጉዳት የሚያደርስ ምት እሱ ላይ 160 ይሆናል ማለት ነው። ማጂካርፕ ውሃ ብቻ ስለነበረች መብረቅ የሚመታት በ2 ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ደክሞ ያመጣው ለውጥ የመብረቅ ድክመቱን እጥፍ አደረገበት።

ግን ትርፉንም ቁጠሩለት። ሣር ውሃን በ2 ይመታል፣ በራሪ ላይ ሲደርስ ግን ግማሽ ነው። 2 ጊዜ ግማሽ፣ 1። የሣር ድክመት ጠፋ። በረዶ በራሪን በ2 ይጎዳል፣ ውሃ ግን ይቋቋመዋል። ያም ጠፋ። የመሬት ምት ዜሮ ሆነ። የቀሩት የአለት 2 እና ያ የመብረቅ 4 ናቸው። ስለዚህ ጋይራዶስን መያዝ ችግር የለውም፣ መብረቅ የሚወረውር ከመጣ ቶሎ ከሜዳ አስወጥቶ በሌላ መተካትን ማወቅ ነው። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር፣ ፊት ለፊት ተጋፈጠ።

የዚህ ተቃራኒ ኳግሳየር የሚባል ፈዛዛ ፍጥረት ነው። ሁልጊዜ አፉን ከፍቶ የቆመ፣ ሲያዩት የነቃ የማይመስል። ዓይነቱ ውሃና መሬት። መብረቅ የውሃ ጠላት ነው፣ መሬትን ግን አይነካም፤ 2 ጊዜ ዜሮ፣ ዜሮ። ውሃና በረዶ መሬትን ይጎዳሉ፣ የውሃ ግማሹ ግን ያስታግሳቸዋል። የቀረው ድክመት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሣር። ግን ሣር ሁለቱንም ስለሚጎዳ በ4 ይመታል። የሣር ምት ያለው ካልመጣ በቀር የፈዛዛው ኳግሳየር ኑሮ የተመቸ ነው። እኔ በግሌ ከጋይራዶስ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

አንዳንድ ጥንድ ደግሞ የጨዋታውን ሚዛን ራሱን አዛብቷል። በ1996ቱ ጨዋታ ሳይኪክ የሚባለው ዓይነት አስቸጋሪ ነበር። መድኃኒቱ መንፈስ ነው ይባል ነበር። ሁለት ነገር ግን ተበላሸ። አንደኛው የፕሮግራም ስህተት ነው፤ የመንፈስ ምት ሳይኪክ ላይ በ2 መባዛት ሲገባው ዜሮ ሆኖ ተጻፈ። ሁለተኛው ነው ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው። በጊዜው የነበሩት መንፈሶች ጋስትሊ፣ ሆንተርና ጄንጋር ብቻ ነበሩ፣ ሦስቱም አንድ ቤተሰብ። ሦስቱም ደግሞ መንፈስና መርዝ ናቸው። ሳይኪክ መርዝን በ2 ይመታል። ያድናሉ የተባሉት ራሳቸው የሳይኪክ ምግብ ሆኑ። መንፈስ መሆናቸው ሳይሆን አብሮ የተለጠፈው መርዝ ነው ያስበላቸው። ስህተቱ በ1999 ታረመ፤ ሳይኪክን የሚያስፈራው ጨለማም በዚያው ዓመት ገባ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ታሪክ ግን የሴብልአይ ነው። በ2002 የመጣ፣ ዓይኑ ከከበሩ ድንጋዮች የተሠራ የሚመስል ትንሽ ጨለምለም ያለ ፍጥረት። ዓይነቱ መንፈስና ጨለማ። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። መንፈስን የሚጎዱት መንፈስና ጨለማ ናቸው፤ የጨለማው ግማሽ ሁለቱንም ይቋቋማል፣ ወደ 1 ይወርዳሉ። ጨለማን የሚጎዱት ተደባዳቢና ነፍሳት (እንደ ጉንዳንና ንብ ያሉት) ናቸው። ተደባዳቢ መንፈስን መንካት አይችልም፣ ዜሮ። ነፍሳት ደግሞ መንፈስ ላይ ግማሽ ስለሆነ እንደገና 1። አለቀ። የቀረ ድክመት የለም። በዚያ ላይ ተራ፣ ተደባዳቢና ሳይኪክ ጭራሽ አይነኩትም።

11 ዓመት እንዲህ ኖረ። በ2013 ፌይሪ መጣ። ፌይሪ ጨለማን ይጎዳል፣ መንፈስ ደግሞ ፌይሪን አይቋቋምም። በአንድ ቀን ድክመት የሌለው ፍጥረት ድክመት አገኘ። ሴብልአይ ራሱ አንድም ነገር አልተለወጠም፤ ጎረቤት ነው የተጨመረበት።

ታዲያ ድክመት የሌለው ፍጥረት ዓለምን ለምን አልገዛም? አቅም የለውማ። የጉልበት፣ የፍጥነት፣ የመከላከል ነጥቦቹ አንድ ላይ ተደምረው 380 ነው። ታይራኒታር የሚባለው አለትና ጨለማ ደግሞ 7 ድክመት አለው፤ ከእነሱ አንዱ፣ ተደባዳቢ፣ በ4 ይመታዋል። ነጥቡ ግን 600 ነው። ውሃ ያገኘዋል፣ ሣር ያገኘዋል፣ ብረት ያገኘዋል፣ እሱ ግን ብዙውን ችሎ መልሶ ይመታል። ከፊቱ መቆም የሚፈልግ ብዙ አይደለም።

አሁን እዚያው 7 ድክመት ያለውን አቦማስኖውን አምጡ። በረዶ የተጫነበት ዛፍ የሚመስል፣ ሣርና በረዶ። ሁለቱም እሳትን ይፈራሉ፣ ስለዚህ እሳት በ4። መርዝ፣ በራሪ፣ ነፍሳት፣ ተደባዳቢ፣ አለት፣ ብረት በ2። ነጥቡ እንደ ታይራኒታር አይደለም። የእሳት ምት ሲመጣ ማየት ያሳዝናል። ድክመት መቁጠር ብቻውን የማያዋጣው ለዚህ ነው። ቁጥሩ እኩል ሆኖ ዕጣው ይለያያል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው የማጥቃት ጎን ነው። አንድ ፍጥረት የራሱን ዓይነት ምት ሲወረውር ጉዳቱ በ1.5 ይባዛል። ጥንድ ዓይነት ያለው ይህን ጉርሻ በሁለት በኩል ያገኛል። የአቦማስኖው ጥንድ ለመከላከል ጉድ ቢሆንም ለማጥቃት መጥፎ አይደለም፤ ሣሩ ውሃን፣ መሬትንና አለትን፣ በረዶው ድራጎንንና በራሪን ይፈልጋል። ኳግሳየርን የሚያስለቅሰው አንዱ እሱ ነው።

ዓይነቶቹ ብቻ ሳይሆኑ ለፍጥረቱ የተሰጠው ልዩ ችሎታም የጥንዱን ዕጣ ይለውጠዋል። ሺዲንጃ የሚባል የነፍሳት ባዶ ቅርፊት አለ፤ ዓይነቱ ነፍሳትና መንፈስ። ሕይወቱ 1 ነጥብ ብቻ ናት። አንድ ጭረት ይበቃዋል። ችሎታው ግን ድክመቱን የሚነካ ምት ካልሆነ በቀር ሌላ ምት እንዳይጎዳው ያደርጋል። አምስት ዓይነት ብቻ ነው የሚጥለው፦ እሳት፣ በራሪ፣ አለት፣ መንፈስና ጨለማ። እስቲ አስቡት፣ ይሄ ችሎታ ከ2013 በፊት ለሴብልአይ ቢሰጥ ኖሮ? የሚመታው ምት ባልተገኘ ነበር። ሠሪዎቹም ይህ አልጠፋቸውም። ሁለት ፍጥረቶች ችሎታ የሚለዋወጡበት ዘዴ ጨዋታው ውስጥ አለ፤ በዚህኛው ችሎታ ላይ ግን አይሠራም። በሩን ዘግተውታል።

እሳትና ውሃ አንድ አካል ላይ? አለ። ቮልካኒየን ይባላል፣ እንፋሎት የሚተፋ። እሳት ውሃን ይፈራል፤ የራሱ የውሃ ግማሽ ግን ያንን ወደ 1 ያወርድለታል። በዚያ ላይ ችሎታው የውሃ ምት ሲመጣበት ጠጥቶ እንዲያገግም ያደርገዋል። እሳት ነው፣ ውሃ ሲደፉበት ይድናል። ይህን ለልጁ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ።

ጥንድ ዓይነት ገና ወደ ሜዳ ሲገቡም ዋጋ ያስከፍላል። ቻሪዛርድ፣ ያ ሁሉም የሚያውቀው ክንፋም፣ እሳትና በራሪ ነው። አለት ሁለቱንም ስለሚጎዳ በ4 ነው። በ2006 ደግሞ ሹል ድንጋዮችን ሜዳው ላይ የሚበትን ዘዴ መጣ፤ የሚገባ ሁሉ በአለት ድክመቱ ልክ ይወጋል። ሌላው ከሕይወቱ 12.5 በመቶ ሲያጣ ቻሪዛርድ ገና እግሩ ሲገባ ግማሹን ያጣል። ምንም ሳይሠራ። በ2013 እሳትና ድራጎን የሚሆንበት አዲስ መልክ ሲያገኝ የአለት ድክመቱ ወደ 2 ወረደለት። ሜዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሚቀየር ግን መጀመሪያ ሲገባ ድንጋዩን እንደ ድሮው ይቀምሳል።

ስልካችሁ ላይ የምትጫወቱት ፖኬሞን ጎ የሚባለውን ሌላ ጨዋታ ከሆነ ይህ ሁሉ ቁጥር ይለሰልሳል። እዚያ ድክመት 1.6 ነው፣ እጥፍ ድክመት 2.56። ዜሮ የሚባል ደግሞ የለም፤ ጭራሽ አይነካውም የሚባለው ምት እንኳ 0.39 ያህል ይደርሳል። የዚያን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ዋናው ጨዋታ ከመጣችሁ ትሸወዳላችሁ።

ልጁ ማታ ተመልሶ መጣ። «እሺ፣ ፒካቹን የሚያሸንፍ ስጠኝ» ብሎ ኳግሳየርን ወሰደ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጥያቄ አመጣ፦ «ዛሬ፣ ፌይሪም ባለበት፣ ድክመት የሌለው አለ?»

አለ። ኢልክትሮስ ይባላል፣ የመብረቅ ዓሣ። ዓይነቱ መብረቅ ብቻ ነው፣ ጥንድ እንኳ አይደለም። መብረቅ የሚፈራው መሬትን ብቻ ነው። ኢልክትሮስ ደግሞ አየር ላይ የመንሳፈፍ ችሎታ አለው፣ የመሬት ምት አያገኘውም።

ልጁ ፊቱ በራ። ኤክስካድሪል የሚባል፣ መሬትና ብረት የሆነ፣ የሌላውን ችሎታ እንደሌለ ቆጥሮ የሚመታ ፍልፈል መኖሩን ግን ገና አልነገርኩትም።